አንድ መኪና፣ አራት ሞተር፦ የትኛው ይሻላል?

የመነሻ ጥያቄ

አነስተኛ መኪና ልገዛ ነው። ባለ አምስት መቀመጫ፣ ከኋላ የምትከፈት አጭር መኪና ናት። ቅርጿን፣ መቀመጫዋንና የዕቃ መጫኛዋን ስፋት አይቼ ወድጃታለሁ፤ በዚያ በኩል ሐሳቤን ጨርሻለሁ። ያልጨረስኩት ሞተሩን ነው። ይህችው መኪና በአራት ዓይነት ሞተር ትመጣለች፦ ቱርቦ (አየር አምቆ ወደ ሞተሩ የሚያስገባ መሣሪያ) የሌለው 1.6 ሊትር ቤንዚን፣ ባለ ሦስት ሲሊንደር 1.0 ሊትር ቱርቦ፣ 1.6 ሊትር ናፍጣ እና 1.8 ሊትር ሃይብሪድ (ቤንዚንና ኤሌክትሪክ አጣምሮ የሚሠራ)። ወረቀቱ ላይ የአራቱም ጉልበት ተቀራራቢ ነው፤ ከ110 እስከ 125 ፈረስ ጉልበት። ጉልበታቸው እንዲህ ከተቀራረበ ታዲያ ልዩነታቸው የቱ ላይ ነው? መኪናዋን ለረጅም ዓመት ልይዛት ስለማስብ ጉዳዩ ያሳስበኛል።

ብዙ ሰው መለሰልኝ። በኋላ ለሚመጣ ሰው እንዲጠቅም መልሶቹን በየቁጥራቸው በራሴ አነጋገር አስቀምጫለሁ፤ ያልተስማማሁባቸውንም አልተውኩም።

መልስ 1

የመጀመሪያው መላሽ በትሕትና ነው የገባው። መልካም ምኞቱን ገልጾ፣ ምክር ከመስጠት ይልቅ ጥያቄ ደረደረልኝ። በቀን ምን ያህል እነዳለሁ? መንገዴ ዳገት ይበዛዋል ወይስ ሜዳ ነው? ብዙ ጊዜ ብቻዬን ነኝ ወይስ ከነቤተሰቤና ከነጭነቴ? ዘይት በጊዜው የምቀይር ሰው ነኝ ወይ? ይህ ሳይታወቅ የሚሰጥ ምክር ሁሉ ግምት ነው ሲል ቋጨ። ከእሱ ቀጥሎ የገቡት ሰዎች ግን ጥያቄውን አልፈውት የየራሳቸውን ሞተር ይዘው ተሰለፉ።

መልስ 2

ይህ መላሽ ለ1.6ቱ ጥብቅና የቆመ ነው። ክርክሩ አጭር ነው፦ የሌለ ዕቃ አይበላሽም። ቱርቦ የለውም፣ የቱርቦውን አየር የሚያቀዘቅዝ ኢንተርኩለር የለውም፣ ቤንዚን በከፍተኛ ግፊት ሲሊንደር ውስጥ የሚያስረጭ ፖምፓም የለውም። ኢንጀክተሩ የሚረጨው ከቫልቩ ጀርባ፣ አየር መግቢያው ላይ ነው። እንዲህ ያለ ሞተር ያላትን መኪና ለዓመታት ነድቶ፣ ዘይት፣ ፊልትሮና ካንዴላ ከመቀየር በቀር ሞተሩን አንድ ቀን ሳያስከፍት ለልጁ እንዳስረከበ ተረከልን። ማብቂያው ላይ ግን ቱርቦ መሮጥ ለሚወድ ሰው የተሠራ ነው የሚል ሐሳብ ጣል አደረገ። ክርክሩን የጫረው ይኸው ነው።

መልስ 3

ሦስተኛው ጨዋነቱን ሳይለቅ ሁለተኛውን አረመ። ቱርቦ የመሮጥ ጉዳይ ሳይሆን፣ ጉልበቱ በስንት ዙር ላይ ይገኛል የሚለው ጉዳይ ነው አለ። ማስረጃ አድርጎ ያቀረበው ሁለት የታወቁ ሞተሮችን ነው። የአሥረኛው ትውልድ ቶዮታ ኮሮላ ቱርቦ የሌለው 1.6 ሞተር 124 ፈረስ ጉልበት አለው፤ የሰባተኛው ትውልድ ቮልስዋገን ጎልፍ 1.4 ቱርቦ ደግሞ 122። ይህን ብቻ ያየ ሰው እኩያ ናቸው ይላል። የማሽከርከር ኃይላቸውን፣ ማለትም ቶርኩን፣ ሲያዩት ግን ይለያያሉ። የኮሮላው 157 ኒውተን ሜትር ሆኖ ጫፍ የሚደርሰው በደቂቃ 5200 ዙር ላይ ነው። የጎልፉ 200 ኒውተን ሜትር ከ1400 ዙር ጀምሮ ዝግጁ ነው።

ሒሳቡንም ሠርቶ አሳየ። ቶርክ በዙር ተባዝቶ ለ9549 ሲካፈል ኪሎዋት ይሆናል። በ2000 ዙር 200 ኒውተን ሜትር ማለት ወደ 42 ኪሎዋት፣ በፈረስ ጉልበት 57 ገደማ ነው። ቱርቦ የሌለው ሞተር በዚያው ዙር 130 ኒውተን ሜትር ይሰጣል ብንል 27 ኪሎዋት ወይም 37 ፈረስ ጉልበት ብቻ ይወጣዋል። ዳገቱን አንዱ በአራተኛ ማርሽ ተረጋግቶ ሲወጣ ሌላው ወደ ሦስተኛ፣ አንዳንዴም ወደ ሁለተኛ መውረድ ያለበት ለዚህ ነው። ወረቀቱ ላይ የሚጻፈው ትልቁ ቁጥር ሰው ከስንት አንዴ የሚረግጠው ዙር ላይ የሚገኝ ነው። ለጥያቄዬ የመጀመሪያውን ቀጥተኛ መልስ ያገኘሁት እዚህ ላይ ነው።

መልስ 4

ሁለተኛው መላሽ ተመለሰ። ሒሳቡን አልካደም፤ ማርሽ መቀነስ ምን ኃጢአት አለው ነው ያለው። ሞተሩ ለዚያ ዙር የተሠራ ነው፣ ድምፁ ቢጨምር እንጂ አይጎዳም። በዚህ እስማማለሁ። ከፍ ያለ ዙር የሰሙ ሁሉ ሞተር የተሠቃየ ይመስላቸዋል፤ በዝቅተኛ ዙር ታንቆ ዳገት መውጣት ግን የባሰ ነው።

መልስ 5

አምስተኛው ማንም ያላነሣውን ነገር አመጣ፦ ከፍታን። ከባሕር ጠለል 2000 ሜትር ከፍ ሲባል የአየሩ ግፊት አምስት እጅ ከነበረ አንዱን እጅ ያህል ያጣል። ቱርቦ የሌለው ሞተር የሚስበው አየር ስለሚሳሳ ጉልበቱም በዚያው ልክ ይወርዳል፤ ወረቀቱ ላይ ያለው 124 ወደ 100 ይጠጋል ማለት ነው። ቱርቦው ተርባይኑን ይበልጥ በማፍጠን የጎደለውን አየር በአብዛኛው ይሞላል፤ እሱም ቢሆን ወሰን አለው። በጣም ዝቅተኛ ዙር ላይ ተርባይኑ ገና ሳይነሣ ስለሚቆይ፣ ከፍታ ቦታ ላይ ከቆመበት ሲነሣ ትንሿ ቱርቦም መዘግየቷ አይቀርም። ደጋ ላይ የሚኖር ሰው መኪና ሲሞክር ይህን ማወቅ አለበት ብሎ ጨረሰ። ሁለተኛው መላሽ ለዚህ መልስ አልሰጠም።

መልስ 6

የናፍጣው ወዳጅ ገባ። ረጅም መንገድ ነጂ ነው፤ ሳምንቱን ሙሉ ከከተማ ከተማ ጭነት ይዞ ይመላለሳል። አንድ ሊትር ናፍጣ ከአንድ ሊትር ቤንዚን ከአሥር በመቶ በላይ የሚበልጥ ኃይል እንደያዘ፣ ሞተሩም አየሩን አብልጦ ስለሚያምቅና እንደ ቤንዚን ሞተር አየሩን በቫልቭ አንቆ ስለማይቆጣጠር ብክነቱ እንደሚያንስ አስረዳ። በዝቅተኛ ዙር ያለው ጉልበት ሌላው ጥቅም ነው። ሦስተኛው ያሰላው የቶርክ ነገር ከቱርቦ ቤንዚን ይልቅ ለናፍጣ እንደሚያደላ አስታወሰ፤ ትክክል ነው።

መልስ 7

እዚህ ላይ ድምፁ ተቀየረ። ሰባተኛው መላሽ የሰው መንገድ ሳይጠይቁ ናፍጣ መምከር ኃላፊነት የጎደለው ነው ብሎ ተነሣ። የዘመኑ ናፍጣ ጥላሸት የሚይዝ ማጣሪያ ማርሚታው መንገድ ላይ እንዳለው፣ የተጠራቀመውን ጥላሸት ለማቃጠልም 600 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ሙቀት እንደሚፈልግ ገለጸ። አጭር መንገድ የሚሄድ ሰው እዚያ ሙቀት ላይ ሳይደርስ ያጠፋዋል። ኮምፒውተሩ ማጣሪያውን ለማጋል ተጨማሪ ናፍጣ ዘግይቶ ይረጫል፤ ማቃጠሉ በተቋረጠ ቁጥር ያልተቃጠለው ናፍጣ በሲሊንደሩ ግድግዳ ወርዶ ከዘይቱ ጋር ይቀላቀላል፤ የዘይቱ መጠን ከፍ እያለ፣ ቅባትነቱ እየቀጠነ ይሄዳል። በዚህ ላይ የጭስ መመለሻው ቫልቭ በጥላሸት ይደፈናል። እስከዚህ ድረስ ጠቃሚ ነበር። ከዚያ በ2015 (በአውሮፓውያን አቆጣጠር፤ ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም እንዲሁ) የቮልስዋገን የናፍጣ መኪኖች በፍተሻ ጊዜ ብቻ ጭሳቸውን የሚቀንስ ፕሮግራም ተጭኖባቸው መገኘቱን አንሥቶ፣ ናፍጣ የሚደግፉ ሰዎችን በሙሉ በአንድ ቃል ወረፋቸው።

መልስ 8

ስድስተኛው እስከዚያ ድረስ ሁሉንም እርስዎ እያለ ነበር የሚጽፈው፤ እዚህ ላይ ወደ አንተ ወረደ። ማጣሪያው አንድም ቀን አስቸግሮት እንደማያውቅ፣ ሰባተኛው ናፍጣ ነድቶ ሳይሆን አንብቦ ብቻ እንደሚያወራ፣ በ2015 የተሠራ ጥፋትም የእሱን ሞተር እንደማይመለከት በቁጣ ጻፈ። ለእኔ ሁለቱም እውነት ተናግረዋል። የሚነዱበት መንገድ ነው የተለያየው፤ ረጅም መንገድ የሚሄድ ሰው ማጣሪያው ሳያውቀው ራሱን ያጸዳል። ሰውን ሰድቦ የተናገረ ግን እውነቱን ይዞም ቢሆን አይደመጥም፤ ሰባተኛው ያንን ቴክኒካዊ ማብራሪያ በስድብ ማበላሸቱ አሳዝኖኛል።

መልስ 9፣ 10 እና 11

ዘጠነኛው ጥቁር ቀለም ፀሐይ ላይ ይግላል ወይ ብሎ ጠየቀ። አሥረኛው ይግላል አለ። አሥራ አንደኛው ከቀለሙ ይልቅ ትልልቅ ቸርኬ ማስገባት እንደሚጎዳ፣ ክብደቱም ስፋቱም ነዳጅ እንደሚያስጨምር ጻፈ። ከሦስቱ ለጉዳዩ የቀረበው የመጨረሻው ነው፤ ያው ሞተር በትልቁ ጎማ ስትነዱት ደካማ ይመስላል።

መልስ 12

ሞተር ብቻውን አይገዛም፣ ካምቢዮም አብሮት ይመጣል አለ። ብዙ ጊዜ ቱርቦው ባለ ሁለት ፍሪሲዮን አውቶማቲክ ካምቢዮ፣ ሌላው ደግሞ ማርሽ የሌለው ተለዋዋጭ ካምቢዮ ይዞ ይመጣል። ባለ ሁለቱ ፍሪሲዮን፣ በተለይ ፍሪሲዮኑ ዘይት ውስጥ የማይነከረው ዓይነት፣ መጨናነቅ ውስጥ እየተሳቡ መንዳትን አይወድም፤ ይግላል፣ ይንቀጠቀጣል። አንዱ ሞተር ደካማ መስሎት ሲማረር ቆይቶ ጥፋቱ የካምቢዮው ሆኖ ያገኘ ጓደኛውን ታሪክም ጨመረ። ሞተር ለማነጻጸር ሁለቱንም በአንድ ዓይነት ካምቢዮ መንዳት ያስፈልጋል ማለቱ ነው። ይህን ማንም መዝለል የለበትም።

መልስ 13

ስለ ሦስት ሲሊንደር የነበረኝን ስጋት በደንብ የዳሰሰው ይህ ነው። ሰው ሦስት ሲሊንደር ይንቀጠቀጣል የሚለው ለምን እንደሆነ ከሥሩ አስረዳ። ሦስቱ ፒስተኖች በ120 ዲግሪ ስለሚራራቁ ወደ ላይና ወደ ታች የሚገፉት ኃይሎች እርስ በርስ ይጣፋሉ፤ የሚተርፈው ሞተሩን ከፊትና ከኋላ ጫፉ የሚያወዛውዝ ኃይል ነው። አራት ሲሊንደር ግን ያ ውዝዋዜ ባይኖረውም በእያንዳንዱ ዙር ሁለት ጊዜ የሚመጣ ያልተጣፋ ንዝረት አለው። ሁለቱም የየራሳቸው ጉድለት አላቸው ማለት ነው። በሚኒሞ ላይ፣ ማለትም ነዳጅ ሳይረገጥ ሞተሩ ሲሠራ፣ የሦስቱ ጎልቶ የሚሰማው ደግሞ ፍንዳታው በየ240 ዲግሪው ስለሆነ ነው፤ የአራቱ በየ180 ዲግሪው ነው። ከ2012 እስከ 2014 በተከታታይ የዓመቱ ዓለም አቀፍ ሞተር ተብሎ የተመረጠው የፎርድ 1.0 ኢኮቡስት፣ ተጨማሪ ማመጣጠኛ ዘንግ በማስገባት ፈንታ ቮላኖው (ከሞተሩ ጋር የሚዞረው ከባድ ክብ ብረት) እና የፊቱ ፑሊ ሆን ተብለው ሚዛናቸው እንዲዛባ ተደርገው ውዝዋዜውን እንዲያለዝቡ መሠራቱን በምሳሌነት አነሣ።

መልስ 14

መካኒክ ነኝ ብሎ የገባ ሰው ነው፤ አጻጻፉም ይመሰክርለታል። ሽልማቱን ተዉትና ኮፓውን፣ ማለትም ከሞተሩ ሥር ያለውን የዘይት መያዣ፣ ክፈቱ አለ። አሥራ ሦስተኛው ያነሣው የፎርድ ሞተር በመጀመሪያ አሠራሩ ታይሚንግ ቤልቱ (ቫልቮቹን ከፒስተኖቹ ጋር በጊዜው የሚያስኬደው ቀበቶ) ዘይት ውስጥ የሚሽከረከር ነበር፤ በኋላ ወደ ሰንሰለት ተቀይሯል። ዘይት ውስጥ ያለ ቤልት አምራቹ ያዘዘው ዓይነት ዘይት ካልገባበት፣ ወይም ነዳጅ የተቀላቀለበት አሮጌ ዘይት ከቆየበት፣ ላስቲኩ ይላላጣል። ፍርፋሪው ኮፓው ውስጥ ያለውን የዘይት መሳቢያ ወንፊት ይደፍናል፤ ያኔ ቤልቱ ገና ሳይበጠስ ሞተሩ ዘይት አጥቶ ይነክሳል፣ ማለትም ተጣብቆ ይቆማል።

ቀጠለ። ቤንዚን በቀጥታ ሲሊንደር ውስጥ በሚረጭ ሞተር ላይ የአየር ማስገቢያ ቫልቮቹን የሚያጥብ ነዳጅ ስለሌለ ካርቦን ይጋገርባቸዋል። ቶዮታ አንዳንድ ሞተሮቹ ላይ ሁለቱንም ዓይነት ኢንጀክተር ያደረገበት አንዱ ጥቅም ይህን መቀነሱ ነው። ትንሽ ቱርቦን በዝቅተኛ ዙር ነዳጅ እስከ ታች ረግጦ ማስጨነቅ ደግሞ ያልታሰበ ቅድመ ፍንዳታ ያመጣል፤ ይህ ፒስተን የሚሰብር ነገር ነው። በ2018 የወጣው ኤፒአይ ኤስኤን ፕላስ፣ ከዚያም በ2020 የወጣው ኤስፒ የሚባሉት የዘይት ደረጃዎች ይህን እንዲከላከሉ ታስበው ነው የወጡት። ስለዚህ የዘይቱ ጀርባ ላይ ያለው ጽሑፍ ለቱርቦ ባለቤት ከዘይቱ ስም ይበልጣል።

መልስ 15

የነዳጅ ፍጆታ ጉዳይ ተነሣ። አምራቾች የሚጽፉት ቁጥር ከመንገዱ እንደሚለይ፣ አሮጌው የአውሮፓ መለኪያ በጣም ለዘብተኛ እንደነበረና ከመስከረም 2017 ጀምሮ ወደ እውነታው የቀረበ አዲስ መለኪያ መተካቱን አስታወሰ፤ የ2016ን መኪና ከ2019ኛዋ ጋር በወረቀት ማወዳደር የሚያሳስተው ለዚህ ነው። ትንሿ ቱርቦ ቀስ ብለው ሲነዷት ቆጣቢ ናት፤ ተጭና በፍጥነት ስትነዳ ግን ሙቀቷን ለመቀነስ ተጨማሪ ቤንዚን ስለምታስገባ ከ1.6ቱ እኩል ወይም አብልጣ ትጠጣለች።

መልስ 16

ሃይብሪዱን ያብራራው ሰው ለረጅም ጊዜ የነዳው ነው። ቶዮታ ፕሪየስን በ1997 ካወጣ ጀምሮ አሠራሩ በመሠረቱ አንድ ዓይነት መሆኑን ገለጸ። ተራው ስታርተር የለውም፣ ዲናሞ የለውም፣ ፍሪሲዮን የለውም፣ ቱርቦም የለውም፤ ሁለት የኤሌክትሪክ ሞተሮችና አንድ የጥርስ ስብስብ የካምቢዮውን ሥራ ይሠራሉ። የቤንዚን ሞተሩ ለጉልበት ሳይሆን ለቁጠባ የተቃኘ ነው፤ በ2015 የወጣው 1.8ቱ ከነዳጁ ኃይል እስከ 40 በመቶ ድረስ ወደ ሥራ ይቀይራል። ፍሬን ሲያዝ ባትሪው ስለሚሞላ ጥቅሙ ጎልቶ የሚታየው ከተማ ውስጥ ነው። ረጅምና ፈጣን ጎዳና ላይ ብልጫው ይሳሳል። ለባለቤቶች የሰጠው አንድ ምክር ውድ ነው፦ ከኋላ መቀመጫ አጠገብ ያለውን የባትሪ ማቀዝቀዣ የአየር ማስገቢያ በዕቃ አትድፈኑ፣ ማጣሪያውንም አጽዱ።

መልስ 17 እና 18

አሥራ ሰባተኛው ባትሪው ሲሞት መኪናዋም ትሞታለች ብሎ በአጭሩ ቆረጠው። አሥራ ስድስተኛው ትዕግሥቱ አልቆ መለሰ፦ ባትሪው በአንድ ቀን አይሞትም፣ በብዙ ሞጁሎች የተሠራ ስለሆነ ሲደክም በመሣሪያ ተለክቶ ይታወቃል፤ ሳይለኩ አሮጌ ሃይብሪድ የሚገዛ ሰው ቱርቦም ናፍጣም ሳያይ የሚገዛ ነው። ቃሉ ቢጠነክርም ፍሬ ነገሩ ልክ ነው።

መልስ 19

ይህ የእኔ ነው። የመጀመሪያውን ጥያቄ መለስኩ። አብዛኛው መንገዴ አጭር ነው፤ ሞተሩ ሞቅ ሲል እደርሳለሁ። አልፎ አልፎ ግን ከነቤተሰቤ ረጅም ዳገት እወጣለሁ። ዘይት በጊዜው እቀይራለሁ።

መልስ 20

የመጀመሪያው መላሽ ይህን ጠብቆ ነበር የመጣው። ከሁሉም መልስ ለእኔ የበለጠው ይህ ነው፤ ጥያቄዬን ራሱን ቀየረው። ስንት ፈረስ ጉልበት አለው ሳይሆን፣ ሞተሩ በእኔ መንገድ ላይ በቂ ሙቀት ያገኛል ወይ ብዬ እንድጠይቅ አደረገኝ። ዳሽቦርዱ ላይ ያለው መለኪያ የሚያሳየው የውሃውን ሙቀት ነው፤ ዘይቱ ከውሃው ዘግይቶ ይሞቃል። ዘይቱ ሳይሞቅ ሞተር ሲጠፋ ከቃጠሎው የመጣው የውሃ እንፋሎትና ያልተቃጠለ ቤንዚን ዘይቱ ውስጥ ይቀራሉ፤ ሳይተኑ ይጠራቀማሉ። በዚህ መንገድ ሲታይ ናፍጣው ለእኔ አይሆንም፤ ሰባተኛው በስድብ ሸፍኖ ያለው እውነት ይኸው ነው። ቀጥታ የሚረጨው ቱርቦ ዘይቱ ውስጥ ብዙ ነዳጅ ስለሚያስገባ የመካኒኩን ማስጠንቀቂያ ያከብደዋል። ሃይብሪዱም ንጹሕ አይደለም፤ ቀዝቅዞ ሲነሣ የጭስ ማጽጃውን ለማሞቅ ሞተሩ በግድ ይሠራል፣ ቁጠባውም አጭር መንገድ ላይ ይቀንሳል። ይህን ሁሉ የሚችለው ቱርቦ የሌለው 1.6 ነው፤ እሱም ቢሆን መመሪያው ለከባድ አጠቃቀም የሚያዘውን አጭር የዘይት መቀየሪያ ርቀት መከተል አለበት። አጭር መንገድ ከባድ አጠቃቀም ውስጥ እንደሚቆጠር ብዙ ባለቤት አያውቅም።

መልስ 21

ሦስተኛው ተቃወመ፤ በጨዋነት። ዳገቱን ረሳችሁት አለ። ከነቤተሰብ ተጭኖ፣ ከፍታ ላይ፣ 1.6ቱ ሌላ መኪና ለመቅደም ሲሞክር ጉልበት ማነሱ የደኅንነት ጉዳይ ነው፤ ዘይቱን ቶሎ ቶሎ የሚቀይር ሰው ቱርቦውን ሊፈራ አይገባም። ይህ ቀላል ክርክር አይደለም፤ እኔንም ገና አለቀቀኝም።

መልስ 22

መካኒኩ ሙከራውን እንዴት እንደማደርግ ነገረኝ። ሻጩ ሞተሩን አስቀድሞ እንዳያሞቀው ጠይቅ፤ ቀዝቅዞ ሲነሣ የሚሰማውን ድምፅ አድምጥ። ያገለገለች ከሆነች የዘይት መለኪያውን ዘንግ አውጥተህ አሽትት፤ ቤንዚን ቤንዚን የሚል፣ ወይም መጠኑ ከላይኛው ምልክት ያለፈ ዘይት ታሪኩን ይነግርሃል። ከዚያ ቤተሰብህን በሙሉ ጫንና ያንኑ የምትፈራውን ዳገት፣ አየር ማቀዝቀዣው በርቶ፣ በ1.6ቱም በቱርቦውም ውጣ።

መልስ 23

የእኔ የመጨረሻ ነው። ናፍጣውን አውጥቻለሁ። ሃይብሪዱን ወድጄዋለሁ፤ መንገዴ ግን አይመጥነውም። ሁለቱን ቤንዚኖች መካኒኩ እንዳለው በተመሳሳይ ካምቢዮ ዳገቱ ላይ እሞክራለሁ። 1.6ቱ በሦስተኛ ማርሽ ሳይጨነቅ ከወጣልኝ እሱን እወስዳለሁ።

መልስ 24

ስድስተኛው ተመልሶ፣ ቁጣው በርዶ፣ በሦስተኛ ሲወጣ የዙር መለኪያውን እንዳይ መከረኝ፦ ከ4000 በታች ሆኖ የማይወጣ ከሆነ ቱርቦውን ውሰድ አለ። ሁለተኛው መላሽ ወዲያው 4500ም ቢሆን ምንም አይል ብሎ ጻፈበት።